ለማክሰኞ የተያዘ መርዶ

ወንድይፍራው ቢተው ሥራውን የሚጀምረው ሙታንን በማዳመጥ ነው። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ሻዩን ይዞ ይቀመጣል፤ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ያደርጋል፤ የዕለቱን ስልኮች አንድ በአንድ ይሰማል። በዚያ ወቅት ሰባት ነበሩ፦ አንድ አባት፣ ሁለት አያቶች፣ አንዲት አክስት፣ አንድ እጮኛ፣ አንዲት አብሮ አደግ፣ አንድ ወንድም። መሥሪያ ቤቱ «ሙታን» አይላቸውም፤ «ተረኞች» ነው የሚላቸው። ተረኞቹ በየሰዓታቸው ይደውላሉ፤ «እንዴት አደርሽ፣ እግርሽን ተሻለሽ?» ይላሉ፤ ያስቃሉ፤ መርቀው ይዘጋሉ። የወንድይፍራው ድርሻ አንዱም ሞቱን እንዳያስነቃ መጠበቅ ነው። ባለፈው ወር ለምሳሌ አንደኛዋ አያት ሦስት ቀን ሙሉ ሳታስል ደወለች። ሴትዮዋ በሕይወት ሳለች ሳታስል ሁለት ቃል ተናግራ አታውቅም። ወንድይፍራው ማስታወሻ ጻፈ፤ በማግስቱ ሳሏ ተመለሰ።

ዘመኑ 2067 ዓ.ም. ነው። ቦታው ውርጭ አምባ። «ሽምጥ» የተባለው የጫማ ኩባንያ አምባውን ከነአየሩ ተከራይቶ ዙሪያውን አጥሮታል፤ ቀጭን አየር ለሳንባ ጥሩ ነው ይባላል። ከአጥሩ ውስጥ፣ ሰላም ግቢ በሚባለው ሰፈር፣ አርባ ሁለት ሯጮች ይኖራሉ። የውድድሩ ወቅት አሥር ወር ነው፤ አሥሩን ወር ለውድድር ካልሆነ በቀር ማንም አይወጣም፣ የቤተሰብ ጠያቂም አይገባም። የሚገባው ድምፅ ብቻ ነው።

ለወንድይፍራው ስሙን ያወጡለት ሰዎች ምን እንደታያቸው እንጃ። እሱን የፈራ ወንድ እስካሁን አልተገኘም፤ እሱ ግን ከበር ጠባቂው ጀምሮ ሁሉን ይፈራል። አንድ ነገር ብቻ አይፈራም፤ መርዶ መናገር። ጉድ ነው መቼም፣ ለዚያ ተፈጥሯል። በሰፈሩ እድር ሳለ ሰው ሲሞት መጀመሪያ የሚጠራው እሱ ነበር። ሟቹን ሳይጠራ ዙሪያውን ዞሮ፣ ስለ ዝናቡ አንስቶ፣ ስለ ጤና ጠይቆ፣ «እስቲ አረፍ በል» ብሎ፣ ሰውየው ገና ሳይሰማ እንባው እንዲመጣ ያደርጋል። ሽምጥ ይህን ሰምቶ ነው የቀጠረው። ለሯጮቹ የተዋወቀው ግን «የቤተሰብ ጉዳይ ባለሙያ» ተብሎ ነው።

ነገሩ የጀመረው ከአሥራ አራት ዓመት በፊት፣ «የእጅ ዓመት» በሚባለው ጊዜ ነው። ያን ዓመት በየአገሩ ሰው ለተቃውሞ አደባባይ ይወጣ ነበር፤ ሯጮችም የመጨረሻውን መስመር ሲያልፉ እጃቸውን ያነሱ ጀመር። አንዱ ለወንድሙ፣ አንዷ ለመንደሯ። የጫማ ገበያው ደነገጠ። ከዚያ ወዲህ በየውሉ ላይ የጸጥታ አንቀጽ አለ፤ ከአንቀጹ ጋር የተከለከሉ ምልክቶች ዝርዝር ይያያዛል። ጡጫ ማንሳት፣ እጅ ማጣመር፣ መንበርከክ፣ አፍ መሸፈን፣ ጫማ ማውለቅ፣ ለካሜራ ጀርባ መስጠት፤ ባጠቃላይ ሁለት መቶ አሥራ አራት። ሯጩ ከነዚህ አንዱን ቢያሳይ ዓለም አያየውም፤ በእሱ ፈንታ ሲስቅና ጫማውን ሲስም ያያል። ማንኛውም ሯጭ ውል የፈረመ ዕለት ከጠዋት እስከ ማታ ሲስቅ ይቀረጻል፤ ለዚህ ነው።

ሁለተኛው መከላከያ ሯጩ አንዳች ክፉ ነገር እንዳይሰማ ማድረግ ነው። እዚህ ላይ ወንድይፍራው ህሊናው ንጹሕ ነበር። ድሮስ ቢሆን? እርጉዝ ሴት መርዶ ይነገራታል? ሰው አገር ላለ ልጅ የእናቱ ሞት በስልክ ይነገረዋል? ወገኖቹ ተሰብስበው፣ በማለዳ፣ በሩን አንኳኩተው ነው እንጂ። ኩባንያው ያደረገው ይህንኑ ነው፤ ትንሽ አራዘመው። መጀመሪያ ሦስት ቀን ነበር፤ ከዚያ ሁለት ሳምንት፤ አሁን የሯጩ ዋና ውድድር እስኪያልቅ ድረስ ሆኗል። በሞቱና በመርዶው መካከል ያለው ጊዜ «ቆይታ» ይባላል። ቆይታው ሲረዝም ሯጩ ቤተሰቡ ለምን ጠፋ ብሎ እንዳይጨነቅ ተረኞቹ መጡ፤ የሟቹን ድምፅና ጠባይ የቀዳ ማሽን ነው የሚደውለው።

ከሰባቱ ተረኞች ወንድም የተባለው ይርጋ ደርሰህ ነው። ከሞተ ሦስት ወር ሊሞላው ነው።

ቆሬ የምትባለው የይርጋ መንደር ከአጥሩ ወዲያ ናት፤ ምንጫቸውና መቃብራቸው ግን ከአጥሩ ወዲህ ቀረ። የቆሬ ሰዎች «መንገድ ይከፈትልን፣ ሙታኖቻችንን እንኳ እንጠይቅ» ብለው ሁለት ዓመት ጮኹ። ሦስተኛው ዓመት ላይ ተሰልፈው መጡ። የአጥሩ ጠባቂዎች ተኮሱ፤ ሦስት ሰው ወደቀ፤ አንዱ ይርጋ ነበር። የሃያ ስድስት ዓመት ጎረምሳ፣ ከብት አርቢ፣ ሳቂታ። ያን ቀን በሰላም ግቢ «ጉም አለ» ተብሎ የጠዋቱ ልምምድ ቀረ። እህቱ አስናቁ ክፍሏ ውስጥ ጋደም ብላ ፊልም አየች። ከክፍሏ ወንድሟ እስከ ተገደለበት ቦታ በእግር አንድ ሰዓት አይሞላም።

በሠልስቱ ወንድይፍራው ወደ ቆሬ ወረደ። እናቲቱ ወይዘሮ አቻምየለሽ ገና ሲያዩት እግሩ ላይ ሊወድቁ ምንም አልቀራቸውም።

«እባክዎ ጌታዬ፣ ልጄ እንዳትሰማ! አንዱ ሄዷል፤ እሷ በሩጫዋ መሐል ወድቃ እንዳትቀርብኝ።»

«አትሰማም እማማ። እኔ አለሁ።»

ከዚያ እንደ ልማዱ ጎናቸው ቁጭ ብሎ የሟቹን ጠባይ ለቀመ። ምን ብሎ ይጠራት ነበር? «አንቺ ጉደኛ» ይላታል። መቼ ይደውላል? ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ከብቶቹን ሲያስወጣ። ሲቀልድ ቀልዱ ሳያልቅ ራሱ ይስቃል። ምን ያወራሉ?

«ስለ አጥሩ ነዋ» አሉ ወይዘሮ አቻምየለሽ። «ሁሌ ስለ አጥሩ። ‹ዓለም ሁሉ ሲያይሽ አንድ ነገር አድርጊልን› ይላታል። እሷ ‹ውል አለብኝ› ትለዋለች። በማግስቱ ያው ነው፤ ‹ምን ወሰንሽ?›»

ወንድይፍራው ይህንን ጻፈው። መኪና ውስጥ ሲገባ ሰረዘው። እንዲህ ያለ ነገር ለተረኛ አይሰጥም።

እንግዲህ ሦስት ወር ይርጋ በየማለዳው ደወለ። «አንቺ ጉደኛ!» ይላል፤ ከኋላው የከብት ኮቴ ይሰማል፤ ቀልዱ ሳያልቅ ይስቃል። ወንድይፍራው እስከ ዛሬ ከሰማቸው ተረኞች ሁሉ እንደ ይርጋ የተዋጣለት አልነበረም። አንዳንዴ ራሱ ረስቶት አብሮ ይስቅ ነበር።

የአስናቁ ዋና ውድድር የሞምባሳ ማራቶን ነው፤ እሑድ። መርዶው ለማክሰኞ ተይዟል፤ ከማለዳው አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ወንድይፍራው በመኝታ ክፍሎቹ በኩል ሲያልፍ አስናቁ ደረጃው ላይ ተቀምጣ የጫማ ክሯን ስታስር አገኛት። ረጅም፣ ዝምተኛ ልጅ ናት፤ ግንባሯ ላይ ትንሽ ጠባሳ አለ። ብዙ ጊዜ ሰላምታ ሰጥታው ዝም ነው የምትለው። ያን ቀን ግን አስቆመችው።

«ጋሼ፣ እርስዎ የቤተሰብ ጉዳይ አይደሉ? ይርጋን አነጋግረውት ያውቃሉ?»

«አልፎ አልፎ» አለ። ውሸት አልነበረም ለማለት ያህል ነው።

«ጠባዩ ተለወጠብኝ።»

«እንዴት?»

«ጨዋ ሆነ። በሰዓቱ ይደውላል፣ ያስቀኛል፣ መርቆ ይዘጋል። ድሮ ሳያበሳጨኝ አይዘጋም ነበር።»

«ሰው ይበስላል ልጄ።»

«ይሆናል።» ክሩን ፈታችና እንደገና ማሰር ጀመረች። «ብቻ ለፋሲካ አጥሩ በር ድረስ እመጣለሁ ብሎኛል። በሩቁም ቢሆን እንተያያለን አለኝ። ነጭ ሸሚዝ አድርጎ ይመጣል፣ እንድለየው።»

ወንድይፍራው ከንፈሩን መጠጠ።

አስቦ አይደለም። ሠላሳ ዓመት ሐዘን ቤት የኖረ አፍ ነው፤ ራሱ ሠራው። እንዲህ ያለውን የከንፈር ድምፅ እዚህ አገር ያደገ ሰው የትም ይለየዋል። ለበሽተኛ ይመጠጣል፣ ለመካን ይመጠጣል፣ ለሟች ይመጠጣል፤ ለፋሲካ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ለሚመጣ ጎረምሳ ግን አይመጠጥም።

የአስናቁ እጅ ክሩ ላይ ቆመ።

«ምን ሆኑ ጋሼ?»

«ጥርሴ ነው። አሞኛል።»

ፊቱን አየችው። ረዘም ላለ ጊዜ አየችው። ከዚያ «ይታከሙት» አለችና ክሩን አጥብቃ አስራ ተነሳች፤ ወደ አጥሩ ጥግ፣ ሁልጊዜ ወደምትሮጥበት መንገድ፣ ዱብ ዱብ እያለች ሄደች።

ደንቡ ግልጽ ነው። እንዲህ ያለው ስሕተት «ፍሳሽ» ይባላል፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ ለክፍሉ ኃላፊ ይነገራል። ኃላፊዋ ሶልያና ትባላለች፤ ሠላሳ ዓመት ያልሞላት፣ ፈጣን፣ ሰው የማታስቀይም ልጅ። ብትሰማ የምታደርገውን ያውቃል። ይርጋን በመልክ ታቀርብላታለች፤ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ አጥሩ በር ላይ ቆሞ፣ እየሳቀ። ወንድይፍራው ይህን አንድ ጊዜ አይቷል፤ አንዲት ሯጭ የሞተ አባቷን በአጥሩ በር መስተዋት ወዲያ አይታ እጇን መስተዋቱ ላይ ስትለጥፍ፣ እሱም ወዲያ ሲለጥፍ። ከዚያ ወዲያ ልጅቱን ቀና ብሎ ማየት አልቻለም።

ባይናገርስ? አስናቁ ነቅታ ከሆነ ሞምባሳ ላይ አንድ ነገር ታደርጋለች። ውሏ ይፈርሳል። ውሏ ሲፈርስ እናቷ ከአምባው ሥር፣ ቆሬ ካለው ቤት ይነሳሉ፤ ቤቱ በሷ ውል ነው የተሰጣቸው። አሮጊቷ ልጃቸውንም ቤታቸውንም በአንድ ዓመት ያጣሉ። ሁሉም በእሱ ከንፈር።

ሰዓቱ አለፈ። አልተናገረም። ፈርቶ ነው ወይስ አዝኖ ነው ቢሉት ለራሱም አልገባውም።

እሑድ ጠዋት ግቢው በሙሉ ምግብ ቤት ተሰብስቦ ውድድሩን አየ። ሶልያና ከፊት ተቀምጣ ጠረጴዛዋ ላይ ትንሿን ማሳያ ዘርግታለች፤ ማሳያዋ እያንዳንዱን የሯጭ እንቅስቃሴ ከዝርዝሩ ጋር ታመሳክራለች። አስናቁ ከሠላሳ አምስተኛው ኪሎ ሜትር ጀምሮ ብቻዋን ነበረች። ፊቷ ላይ ምንም የለም። ወንድይፍራው በሩ አጠገብ ቆሞ መዳፉን ሱሪው ላይ ይጠራርጋል።

መስመሩን አለፈች። እጇን አላነሳችም። አልተንበረከከችም። ቆመች።

የኩባንያው ሰው የድል ነጠላ ይዞ መጣ። ለአሸናፊ የሚሰጥ ነጭ ነጠላ ነው፤ ጥለቱ ላይ የሽምጥ ምልክት ተሸምኖበታል፤ ከውድድሩ ማግስት በየሱቁ ይሸጣል። አስናቁ ተቀበለችው። ዘረጋችው። ከዚያ ጥለቱን ወደ ላይ አዙራ፣ አንገቷ ሥር አምጥታ፣ አዘቅዝቃ ለበሰችው። እጇን ሆዷ ላይ አጣምራ ሳይሆን እንዲሁ ወደ ታች ለቃ፣ አንገቷን ደፍታ ቆመች።

ትንሿ ማሳያ «ንጹሕ» አለች። የመቀየሪያው ሳቅ አልመጣም። ምስሉ እንዳለ ለዓለም ሄደ።

«ደስ ሲል!» አለች ሶልያና። «የአገር ልብስ ያምርባታል።»

የምግብ ቤቱ ወጥ ሠሪ ወይዘሮ ሙሉነሽ ከኋላ ደረታቸውን መቱ።

«ውይ በሞትኩት! ማን ሞተባት?»

አርባ አንዱ ሯጮች ማያውን ትተው ወደ ወጥ ሠሪዋ ዞሩ፤ ከወጥ ሠሪዋ ወደ ወንድይፍራው ዞሩ፤ ከዚያ እያንዳንዳቸው እጃቸው ላይ ያለውን ስልክ አዩ።

ሰኞ ከማለዳው ጀምሮ ከአጥሩ ወዲያ ሰው ቆመ። ከቆሬ ብቻ አይደለም፤ ከየት ከየት እንደመጣ እንጃ። ጽሑፍ አልያዘም፤ መፈክር የለውም፤ ድንጋይ የለውም። ሴቱም ወንዱም ነጠላውን አዘቅዝቆ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ዝም ብሎ ቆመ። ጠባቂዎቹ ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች አገላበጡ፤ የሚመስል ነገር አጡ። እኩለ ቀን ላይ ሁለት መቶ አሥራ አምስተኛ ምልክት ተጨመረ። ከሰዓት በኋላ ተሰረዘ፤ ምክንያቱም የሽያጭ ክፍሉ ጥለቱ ቀድሞውኑ ወደ ላይ የተሰፋ ነጠላ በአስናቁ ምስል ማስተዋወቅ ጀምሮ ነበር። «ከሚያዝኑ ጋር እናዝናለን» ይላል ማስታወቂያው። ምን ይባላል? ሰው ከአጥሩ ወዲያ ቆሞ ስልኩ ላይ የራሱን ሐዘን በሦስት መጠን ሲሸጥ አየ።

ከአጥሩ ወዲህ ደግሞ ሌላ ነገር ሆነ። ሯጮቹ ስልክ ማንሳት አቆሙ። ያነሱትም ይመረምራሉ። አንዷ አባቷን የቀዩን በሬ ስም ጠየቀችው፤ መለሰላት። «አሁንስ እውነተኛው ነህ?» አለችው። በሕይወት ያለ ሰው ነው፤ ተቀይሞ ዘጋባት። እሷ ግን መዝጋቱንም አላመነችውም። ሌላዋ እናቷን «እማዬ፣ አለሽ?» አለቻት። «አለሁ እንጂ ልጄ፣ የት እሄዳለሁ?» አሏት። ልጅቱ ስልኩን ትራስ ሥር አደረገችው፤ ድምፁ ትራስ ሥር ሆኖ ስሟን ሲጠራ ቆየ።

ከዚያ ሯጮቹ የወንድይፍራው ቢሮ በር ላይ ተሰለፉ። አንድ በአንድ ይገባሉ።

«ጋሼ፣ የኔስ?»

«ሰላም ናቸው።»

«ይማሉልኛል?»

«ሰላም ናቸው ልጄ።»

አርባ አንድ ጊዜ እንዲህ አለ። ለሠላሳ አምስቱ እውነት ነበር፤ ለስድስቱ ውሸት። ፊቱ ለሁሉም አንድ ነበር። የመጨረሻዋ ከወጣች በኋላ ደብረ ብርሃን ያለችው ሚስቱ ጋ ደወለ።

«ትናንት ምሳ ምን በላሽ?» አላት።

«ምን ነካህ አንተ ሰውዬ? ሽሮ ነዋ፣ ጾም አይደል?»

«ደህና ነሽ?»

«ደህና ነኝ።»

ድምጿ ደህና ነበር። ስልኩን ዘግቶ ጠረጴዛው ላይ ተደፋ።

ማክሰኞ ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ የአስናቁ በር ላይ ደረሱ። ወንድይፍራው ከፊት፤ ሁለት ሽማግሌዎች ከኋላው፤ ሶልያናና ካሜራ ያዡ ከነሱ ኋላ። ለቅሶውም በውሉ ውስጥ አለ፤ የሐዘን አንቀጽ ይባላል፤ መርዶው ሲነገር ይቀረጻል። እናቷ ከቀትር በኋላ እንዲገቡ ተፈቅዶላቸዋል።

አስናቁ በሩን ከፍታ ወንበር ላይ ተቀምጣ እየጠበቀቻቸው ነበር። ሌሊቱን ነው ከሞምባሳ የገባችው። ዓይኗ ደረቅ ነው።

«ይግቡ ጋሼ። ይንገሩኝ።»

ካሜራው እስኪስተካከል ከሩብ ሰዓት በላይ ጠበቁ፤ ከዚያ ወንድይፍራው የለመደውን ጀመረ። ስለ ብርዱ አነሳ፣ ስለ መንገዷ ጠየቀ፣ «እስቲ አረፍ በይ» ሊል ሲል ተቀምጣለች።

«ታውቂው የለ፣ ልጄ» አለ በመጨረሻ።

«አውቃለሁ። ያን ዕለት ከንፈርዎን የመጠጡ ጊዜ አወቅኩ። ግን ማንም አልነገረኝም።» ጉሮሮዋን በጣቷ ነካች። «ከረቡዕ ጀምሮ ለቅሶው እዚህ ቆሟል። አልወጣ አለኝ። ሰው ሳይነግረኝ በምን አፌ ላልቅስ? ይርጋ ደግሞ ነገም ይደውላል። አሁንም ይደውላል።»

«አስናቁ...»

«በየቀኑ ‹ምን ወሰንሽ?› ይለኝ ነበር፤ በየቀኑ ‹እምቢ› እለው ነበር። ድንገት መጠየቁን ተወ። ተቀየመኝ ብዬ አኮረፍኩት፤ ሦስት ወር ሙሉ! እሱ መሬት ውስጥ፣ እኔ ደግሞ እኮርፈዋለሁ። የሞተው መቼ ነው? ያ ጉም ያሉት ቀን ነው?»

ወንድይፍራው ራሱን ነቀነቀ። አዎ ማለቱ ነበር፤ አፉ ግን አልተከፈተም። በሠላሳ ዓመት ሥራው ለመጀመሪያ ጊዜ መርዶ አቃተው። ከኋላው ካሜራ ያዡ አንድ እርምጃ ጠጋ አለ።

ያን ጊዜ ስልኳ ጠራ። አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ሆኗል።

ሶልያና ደነገጠች። «አልተዘጋም እንዴ? አስናቁ፣ አታንሺው፤ እኔ አሁን...»

አስናቁ አነሳችው። ድምፁን ከፍ አድርጋ መዳፏ ላይ ዘረጋችው።

«አንቺ ጉደኛ!» አለ ይርጋ። ከኋላው ከብቶቹ ይሰማሉ። «አሸነፍሽ አይደል? አየሁሽ እኮ! እኔ እንኳ ስትሮጪ ሳይሽ...» ቀልዱ ሳያልቅ ሳቀ።

አስናቁ ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቀች።

«ይርጋዬ፣ ጋሽ ወንድይፍራው እዚህ አሉ። የሚነግሩህ ነገር አላቸው።» ስልኩን ወደ ወንድይፍራው ዘረጋች። «ለእኔ ካቃተዎት ለእሱ ይንገሩት። እኔ እየሰማሁ።»

ሽማግሌዎቹ መሬት መሬት አዩ። ወንድይፍራው ስልኩን በሁለት እጁ ተቀበለ።

«ይርጋ፣ ልጄ» አለ። «ደህና አደርክ?»

«እግዜር ይመስገን ጋሼ። ምነው በደህና?»

«ከብቶቹስ ወጡ?»

«እያስወጣሁ ነው።»

«እስቲ አረፍ በል። ድንጋይም ቢሆን ፈልግና አረፍ በል።»

የኮቴው ድምፅ ቆመ። «ተቀመጥኩ» አለ ይርጋ ቀስ ብሎ።

«እንግዲህ ልጄ፣ የእግዜር ነገር ነው። የዛሬ ሦስት ወር ገደማ፣ የቆሬ ሰዎች ተሰልፈው አጥሩ ሥር የመጡ ጊዜ፣ ሦስት ሰው ሞቷል። አንዱ አንተ ነህ።»

ከስልኩ ትንፋሽ የለም፤ ንፋስ የለም፤ ከብት የለም። ሶልያና እጇን አፏ ላይ አደረገች። ካሜራ ያዡ ካሜራውን ዝቅ አደረገ፤ ማንም አላዘዘውም።

«አስናቁ ሰምታለች?» አለ ይርጋ።

ወንድይፍራው ወደ አስናቁ ዞረ።

«እባክዎ ጋሼ፣ አደራ፣ ሩጫዋን ሳትጨርስ እንዳይነግሯት። ትደነግጣለች። እኔ እየደወልኩ አቆያታለሁ።»

አስናቁ ጮኸች። «ወንድሜን! ወንድሜን!» ብላ ከወንበሩ ወለሉ ላይ ወረደች፤ ሦስት ወር የቆየው ለቅሶ ሁሉ በአንድ ጊዜ ወጣ። ስልኩ ከወንድይፍራው እጅ ወደቀ። ሽማግሌዎቹ ትከሻዋን ያዙ፤ እነሱም አለቀሱ፤ ተከፍሏቸው የመጡ መሆናቸውን ረስተውት ነበር።

በኮሪደሩ በሮች ተከፈቱ። ሯጮቹ በባዶ እግራቸው፣ በሌሊት ልብሳቸው ወጡ፤ ለቅሶውን እየተከተሉ መጥተው በሩ ላይ ተደራረቡ። ማንም «ምንድን ነው?» አላለም። ሁሉም ወንድይፍራውን ያያሉ።

«ጋሽ ወንድይፍራው፣ አይሆንም» አለች ሶልያና በሹክሹክታ። «እባክዎ። የሌሎቹ ቆይታ አላለቀም። ሁለቱ ገና በግንቦት ነው የሚሮጡት።»

ወንድይፍራው ያን ጊዜም ፈራ። ከመካከላቸው ስድስቱን በስም ያውቃቸዋል፤ አባት የሞተባትን፣ አያት የሞተባቸውን ሁለቱን፣ አክስቷን፣ እጮኛዋን፣ አብሮ አደጓን ያጣችውን። ከየክፍላቸው፣ ከየትራሳቸው ሥር፣ የማለዳው ስልክ መጥራት ጀምሯል።

ሶልያናን በእጁ ገለል አደረጋትና ወደ በሩ ወጣ።

«ቁጭ በሉ፣ ልጆቼ» አለ።